ባ በቀኝ እግር፣ ቦ በግራ እግር፦ የአንድ ልጅ ፊዚዮቴራፒ ወደ ክፍል ሲገባ

ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። ሒሳብ ልንጀምር ስንል በሩ ይንኳኳል። እናቱ ናት። ልጁ ደብተሩን ይከድናል፣ ተደግፎ የሚራመድበትን ዎከሩን ይይዛል፣ ወደ ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም ወደ እግሩ የእንቅስቃሴ ሕክምና ይወጣል። ሲመለስ እኛ ሒሳብ ጨርሰን ሌላ ነገር ጀምረናል። እሱ ደግሞ ደክሞታል። ግንባሩን ዴስኩ ላይ ደፍቶ እስከ ደወል ይቆያል።

ይህን ሁለት ወር ያህል እያየሁ ዝም አልኩ። ሕክምና ነዋ፣ ምን ይባላል? መራመድ ከመደመር አይበልጥም እንዴ? አንድ ቀን የሒሳብ ደብተሩን ላርም ወስጄ ገለጥኩት። በሳምንት አምስት ቀን ሒሳብ አለን፤ የሦስቱ ቀን ገጽ ባዶ ነው። የተጻፈበትም ቢሆን ግማሹ ከጓደኛው የተቀዳ ነው። መልሱ ልክ ነው፣ ስሌቱ የለም። ያኔ ደነገጥኩ። እግሩን እያከምንለት ሒሳቡን እየወሰድንበት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ነው እዚህ የምጽፈው። አንድ ልጅ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ የትምህርት ዘመን። ለሌላ ልጅም እንዲሁ ይሠራል ብዬ አልምልም። ወላጆቹ እንድጽፍ ፈቅደዋል። ልጁም ተጠይቋል። የፊደሏን የቦን ታሪክ መጻፍ ይቻላል፣ ስሜ ግን አይጠራም ብሏል።

ልጁና ወረቀቱ

ሰባት ዓመቱ ነው፣ አንደኛ ክፍል። ወሬ ይወዳል። ሲስቅ መላ ሰውነቱ ይስቃል፤ እግሮቹ ሳይቀሩ ይገተራሉ። የተወለደው ያለ ጊዜው ነው። ያለበት ሴሬብራል ፓልሲ ሲሆን ዓይነቱ ስፓስቲክ ዳይፕሌጂያ ይባላል። ሁለቱም እግሮች ግትር ናቸው፤ እጆቹ ግን እምብዛም አልተነኩም። ከእግሮቹ ግራው ይብሳል።

ሴሬብራል ፓልሲ የሚመጣው በማደግ ላይ ያለ አንጎል ሲጎዳ ነው። ጉዳቱ ከልደት በፊት፣ በወሊድ ሰዓት ወይም ከተወለደ በኋላ በጨቅላነት ሊደርስ ይችላል። አንጎል ላይ ያለው ጉዳት እየባሰ አይሄድም። እግር ላይ የሚታየው ግን ይለወጣል። አጥንት ሲያድግ ግትር ጡንቻ እኩል አብሮት አይረዝምም፤ የመገጣጠሚያው እንቅስቃሴ እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ ፊዚዮቴራፒ እንደ ጉንፋን መድኃኒት ለአንድ ሰሞን ተወስዶ የሚቆም አይደለም። ልጁ እስኪያድግ አብሮት ያድጋል። ይህን ሳውቅ ነው የባዶው ገጽ ነገር ይበልጥ ያሳሰበኝ። ሁለት ወር ቢሆን ይካካሳል። አሥር ዓመት ግን በምን ይካካሳል?

ከሕክምና የመጣው ወረቀት ላይ "ደረጃ 3" የሚል አለ። መጀመሪያ ሳነበው የበሽታው ክብደት መስሎኝ ሆዴ ባባ። ኋላ ነው የገባኝ። እ.ኤ.አ. በ1997 ካናዳ ውስጥ ሮበርት ፓሊሳኖና ባልደረቦቹ ያወጡት አመዳደብ ነው። አምስት ደረጃ አለው። የሚናገረው ልጁ በዕለት ተዕለት ኑሮው እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ነው። ደረጃ 3 ማለት ቤት ውስጥና ክፍል ውስጥ እንደ ዎከር ያለ በእጅ የሚያዝ ነገር ይዞ ይራመዳል፣ ለረጅም መንገድ ግን ጎማ ወንበር ይፈልጋል ማለት ነው። ስለ ጭንቅላቱ የሚለው ነገር የለም። መምህራን እንዲህ ያለ ወረቀት ሲደርሰን ቁጥሩን ከማርክ ጋር እናምታታዋለን። እኔም ያው ነኝ።

"ስንት ቀረኝ?"

ፊዚዮቴራፒስቷን አግኝቼ የምታሠራውን እንድትነግረኝ ጠየቅኳት። ዘረዘረችልኝ። የጭኑን የኋላ ጡንቻና የባቱን ጡንቻ ማሳሳብ። ከወንበር ያለ እጅ መነሳትና መቀመጥ። ቆሞ ክብደትን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማዛወር። ወደ ጎን መራመድ። ደረጃ መውጣት። እኔም እየጻፍኩ ነበር፤ ግን ከዚህ ውስጥ ትምህርት የሚሆን ነገር አልታየኝም።

"ሲሠራ ምን ያወራል?" አልኳት፣ ወሬኛነቱን ስለማውቅ።

ሳቀች። "ምን ያወራል ትያለሽ? አሥር ጊዜ ተነስ ስለው በየአንዱ መሃል 'ስንት ቀረኝ?' ነው። እኔም እነግረዋለሁ።"

እዚያ ላይ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። "ስንት ቀረኝ?" እኮ ቅነሳ ነው። ለዚያውም ልጁ ከልቡ መልሱን የሚፈልገው ቅነሳ። ክፍል ውስጥ "ከ10 ላይ 7 ሲቀነስ" ብለው ግድ የለውም። እዚያ ግን ጭኑ እየተንቀጠቀጠ ሦስት እንደቀረው ማወቅ ይፈልጋል። እኛ ደግሞ መልሱን በነፃ እንሰጠዋለን።

"ከዛሬ ጀምሮ አትንገሪው" አልኳት።

በሚቀጥለው ሳምንት አሥር ትንንሽ ኩቦች ሰጠኋት። ልጁ ከአግዳሚው በተነሳ ቁጥር አንድ ኩብ ከግራ ሣህን ወደ ቀኝ ሣህን ያዛውራል። "ስንት ቀረኝ?" ሲል "ስንት ሠራህ?" ትለዋለች። መጀመሪያ ኩቦቹን ይቆጥር ነበር። በሦስተኛው ሳምንት መቁጠሩን ተወ። ስድስት ከሠራ አራት እንደቀረ ሳያይ ይናገራል። አሥርን በሁለት የመክፈል ነገር፣ ማለትም 6 እና 4፣ 7 እና 3፣ 8 እና 2፣ በአንደኛ ክፍል ሒሳብ መሠረት የሚጣልበት ቦታ ነው። እሱ ያንን መሠረት በጭኑ ጣለ።

ሐቁን ለመናገር ግን ከኩቦቹም በላይ የጠቀመው ሌላ ነገር ነው፤ ሰዓቱን ቀየርነው። ከሦስቱ ቀጠሮ ሁለቱ ትምህርት ቤት ውስጥ እንዲሆኑ፣ ከሒሳብ ሰዓትም እንዲወጡ ተስማማን። ይህን ለማድረግ ምንም ጥበብ አላስፈለገም። አንድ ስብሰባ ብቻ ነው የፈጀው። ሁለት ወር ሙሉ ይህን ስብሰባ ማንም አልጠራም፤ እኔንም ጨምሮ።

ፊዚዮቴራፒስቷ ሐሳቡን ለመቀበል አልከበዳትም። አውስትራሊያዊቷ ተመራማሪ አዮና ኖቫክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2013 አሳትመው በ2020 ያደሱትን ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ታውቀዋለች። ለእንቅስቃሴ ጥሩ ማስረጃ ያለው ልጁ ራሱ እየሠራ፣ ለሚፈልገው ግብ፣ በእውነተኛ ሁኔታ ውስጥ የሚያደርገው ልምምድ ነው። ተኝቶ ሌላ ሰው እግሩን ሲጎትትለት ብቻውን ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። "እኔ ለመነሳት ምክንያት እየፈጠርኩ ነው የምውለው፤ አንቺ ምክንያት ካለሽ አምጪ" አለችኝ።

የወደቅንበት ቀን

በተሳካው ኩብ ልቤ አበጠ። ኮሪደሩ ላይ በፕላስተር የቁጥር መስመር ዘረጋሁ። ከ0 እስከ 20፣ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ቁጥር፣ በጠቅላላው 6 ሜትር። ሐሳቡ የኔ ፈጠራ አይደለም። ሮበርት ሲግለርና ጊታ ራማኒ እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ጥናት አለ። ትንንሽ ልጆች ከ1 እስከ 10 ቁጥር በተጻፈባቸው ተከታታይ ሣጥኖች ላይ እየተጫወቱ የቁጥር ግንዛቤያቸው ተሻሻለ። ሣጥኖቹ ቀለም ብቻ በነበራቸው ጊዜ ግን ያ አልሆነም። የኛ ኮሪደር ያው ጨዋታ ነው፤ የሚንቀሳቀሰው ጠጠር ግን ልጁ ራሱ ነው።

ሁለቱ የመጀመሪያ ቀናት ጥሩ ነበሩ። 4 ላይ ይቆማል፣ ሦስት ይራመዳል፣ 7 ላይ ይደርሳል። በሦስተኛው ቀን ክፍል ውስጥ አሥርን የሚሻገር መደመር ጀምረን ነበር። እኔም "8 ላይ ቁምና 5 ጨምር" አልኩት። ያን ዕለት ደግሞ ፊዚዮቴራፒስቷ ዎከሩን አስቀምጣ በሁለት ዱላ እንዲሞክር አድርጋለች። አልተነጋገርንም። እያንዳንዳችን የራሳችንን አዲስ ነገር ይዘን መጣን።

9 ላይ ደረሰ። ቆመ። ጉልበቶቹ ተጠጋግተው ተፋተጉ፣ ተረከዞቹ ተነሱ፣ ዱላዎቹን የያዙት ጣቶቹ ነጡ። ወለሉን እያየ "አልችልም" አለ። ቀስ ብላ አስቀመጠችው። አለቀሰ።

የቱን ነው ያልቻለው? መደመሩን ወይስ በዱላ መራመዱን? እኔ አላወቅኩም። እሷም አላወቀችም። ከሁሉም የከፋው እሱ ራሱ አለማወቁ ነው። ሁለቱንም እንደማይችል ቆጠረው። ለሁለት ሳምንት ኮሪደሩን ለመርገጥ እምቢ አለ።

ነገሩን ቆይተን ስናስበው ግልጽ ነው። ሁላችንም ስልክ እያወራን ጠባብ ደረጃ ስንወርድ ወይ እርምጃችን ይዘገያል ወይ ወሬያችን ይቆረጣል። መራመድ ለኛ ሐሳብ ስለማይጠይቅ ነው ሁለቱን ማስኬድ የምንችለው። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ግን ለእያንዳንዱ እርምጃ ሐሳብ ይከፍላል። በዚያ ላይ የጭንቅላት ሥራ ሲጨመርበት እርምጃው ይበልጥ ይናጋል። በጥናትም የታየ ነው። እኔ የጨመርኩበት መደመር ከእግሩ ሐሳብ ላይ ነበር የቀነሰው።

ከዚያ በኋላ አንድ ሕግ አወጣን፤ ዓመቱን ሙሉ ያልተውነው እሱን ብቻ ነው። አዲስ እንቅስቃሴ ሲሆን ትምህርቱ የለመደው ይሁን። አዲስ ትምህርት ሲሆን እንቅስቃሴው የለመደው ይሁን። ሁለቱም አዲስ የሆኑበት ቀን አይኖርም። በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት እኔና ፊዚዮቴራፒስቷ በአጭር የስልክ መልእክት እንለዋወጣለን። እሷ "ዱላ አዲስ ነው" ካለች እኔ እስከ 5 መቁጠር ብቻ እሰጣለሁ። እኔ "አሥርን መሻገር አዲስ ነው" ካልኩ እሷ ዎከሩን አትነካም፤ ወይም ቁጭ ብሎ ይሠራል። ከዚህ ታሪክ የሚወሰድ አንድ ነገር ብቻ ካለ ይሄ ነው። ሌላው ጌጥ ነው።

ባ እና ቦ

ልጁ ባ እና ቦን ይለዋውጣል። ሳ እና ሶንም። ካ እና ኮንም። ራብዕና ሳብዕ ሲመጡ እንደ ዕድሉ ነው። ብዙ ልጆች በዚህ ያልፋሉ፤ እሱ ግን ሌሎቹ ካለፉ በኋላም እዚያው ነበር። ያለ ጊዜያቸው ተወልደው ይህ ዓይነት ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው አንዳንድ ልጆች ዓይናቸው ደህና ሆኖ ሳለ ያዩትን ቅርጽና አቅጣጫ መለየት ያስቸግራቸዋል። የሱ ከዚያ ይሁን ከባዶው ገጽ መናገር አልችልም። ደጋግሜ አጻፍኩት። በቀለም አሳየሁት። አልሆነም።

አንድ ረቡዕ የፊዚዮውን ሰዓት ላይ ገባሁ። ልጁ ትልቅ መስታወት ፊት ቆሟል፤ እጆቹ አግዳሚ እንጨት ይዘዋል። "ክብደትህን ወደ ቀኝ" ትለዋለች። ቀኝ እግሩ ይቀናል፣ የግራ ጉልበቱ ትንሽ ይታጠፋል። "አሁን ወደ ግራ።" ወደ ግራ ሲሆን ፊቱን ያጨማድዳል፤ ግራው ደካማው ነው። እኔ ከኋላ ቆሜ መስታወቱን አየሁ። አንዱ እግር ረጅም፣ አንዱ አጭር።

ባ ቀኝ እግሯ ረጅም ነው። ቦ ግራ እግሯ ረጅም ነው።

ወረቀት አውጥቼ ሁለቱን ፊደሎች በትልቁ ጻፍኩና መስታወቱ ላይ ለጠፍኳቸው፤ ባን በቀኝ፣ ቦን በግራ። መስታወት ለዚህ ይመቻል። ሰው ፊት ለፊት ቢቆም የሱ ቀኝ ለኔ ግራ ነው፤ መስታወት ውስጥ ግን የልጁ ቀኝ እግር በቀኝ በኩል ነው የሚታየው። "ባን አድርግልኝ" አልኩት። ግራ ገባው። ፊደሏን አየ፣ እግሩን አየ፣ መልሶ ፊደሏን አየ። ከዚያ ቀኝ እግሩን አቀናና ግራውን አጠፈ። ዓይኑ ፈጠጠ።

"ቲቸር! ባ ነኝ!"

"ቦስ?"

ቦ ከበደችው። ግራ እግሩ ላይ መቆም ማለት ነው። ተንቀጠቀጠ፣ ያዘ፣ ሁለት ሴኮንድ ያህል ቆየ። "ቦ ትደክማለች" አለ። ፊዚዮቴራፒስቷ የምትፈልገው እንዲሁ አምስት ሴኮንድ እንዲቆም ነበር፤ ስንት ሳምንት ለምናው ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ጓደኛው ካርድ ያወጣለታል፦ ቦታ፣ ባሕር፣ ሳር፣ ሶፋ፣ ካርታ፣ ኮፍያ። እሱ መጀመሪያ በእግሩ ይቆማል፣ ከዚያ በአፉ ያነባል። ፊደሎቹ አዲስ ስላልሆኑ፣ መቆሙንም ስለለመደው ሕጋችንን አልጣስንም።

በአጋጣሚ ሊያነባት ያስቸገረችው ፊደልና ሊቆምበት ያስቸገረው እግር አንድ ላይ ገጠሙ። ከዚህ ትልቅ ንድፈ ሐሳብ ለማውጣት የሚቃጣው ሰው ይኖራል። እኔ አይቃጣኝም።

ሌላ ቀን ቢን አይቶ ሳቀ። እሱ ከጉልበቱ በታች እስከ ጣቱ የሚይዝ የፕላስቲክ ድጋፍ ያደርጋል፤ "ቡትሴ" ይለዋል። "በ ቡትስ ስታደርግ ቢ ትሆናለች" አለ። እግሯ ሥር ያለችውን ጭረት ነው ያያት። እኔ በአስተማሪነት ዘመኔ ሳልስን እንዲህ አስረድቼ አላውቅም።

አንድ ወር ካለፈ በኋላ የቃል ጽሕፈት እያሰጠሁ ነበር። "ቦርሳ" አልኩ። እሱ ዴስኩ ላይ ተቀምጧል። እርሳሱን አነሳ፣ ቆም አለ። ዝቅ ብዬ ሳይ የግራ ተረከዙ ወለሉን ተጫነ። ከዚያ ጻፈ። ቦ ነበረች።

ትንንሽ ነገሮች፣ ጥቂት ብልሽቶች

ማሳሳብ አሰልቺ ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ እግሩን ለ30 ሴኮንድ ይዛ ትቆያለች፣ ትለቃለች፣ ትደግማለች። በአሥር አሥር መቁጠር ተምረን ስለነበር "አንተ ቁጠር" አለችው። "10፣ 20፣ 30፣ ጨረስኩ!" አለ በአንድ ትንፋሽ። ሰነፍ አይደለም፣ ብልጥ ነው። ከዚያ የግድግዳ ሰዓት ሰቀልንለት። ቀጩ ባለሴኮንድ ዘንግ ከ12 ተነስታ 6 ላይ ስትደርስ 30 ሴኮንድ ነው። በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ ስታልፍ አምስት ይጨምራል፦ 5፣ 10፣ 15። በአምስት አምስት መቁጠርንም፣ የሰዓትን ፊትም እዚያ ተኝቶ ለመደ። ክፍል ውስጥ ሰዓት ማንበብ ስንጀምር ከፊት የነበረው እሱ ነው።

ከወንበር መነሳቱንም ከአሥር ወደ ሰባት ለወጥነው። ሀ ሲል ይነሳል፣ ሁ ሲል ይነሳል፣ እስከ ሆ። ሰባት ስለሆነ ደስ አለው፤ የቀነስንለት መሰለው። "ሦስት ቤት እንሠራለን" አለችው ፊዚዮቴራፒስቷ። ዱሮ አሥር ሁለት ጊዜ ነበር። ሰባት ሦስት ጊዜ 21 መሆኑን ያወቀው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። አንድ እንደተጨመረበት ሲገባው ፊቱ ላይ የታየውን ንዴት አልረሳውም። ማባዛት እንዲህ ጀመረ።

ያልሠራው ደግሞ ይኸው። ቆሞ ሰሌዳ ላይ እንዲጽፍ ማድረግ ጥሩ መስሎኝ ነበር። ለመቆም ሲታገል እጁ ፊደሉን ያበላሻል። ተውነው። ቆሞ ካርድ ይለጥፋል፣ ያነባል፣ ይጠቁማል። ሲጽፍ ግን ይቀመጣል፤ እግሩ ወለል አርፎ። ቀድሞ ወንበሩ ረጅም ስለነበር እግሮቹ ይንጠለጠሉ ነበር። ከሥር ሣጥን አደረግንለት። ጽሕፈቱ በዚያው ሳምንት ተሻሻለ። እግር መሬት ካልያዘ ወገብ ይናጋል፤ ወገብ ከተናጋ እጅ ምን ያድርግ? ይህን ለማወቅ ሰባት ዓመት ማስተማር አልበቃኝም፤ አንድ ሰው መጥቶ ሊያሳየኝ ግድ ነበር።

ድካም ሌላው ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ለመራመድ ከእኩዮቹ እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ጉልበት ሊያወጣ ይችላል። ከልምምዱ በኋላ ወዲያው ፈተና መስጠት ግፍ ነው። ከሱ በኋላ ተረት የማዳመጥ ሰዓት አደረግን።

"አሁን ፊዚዮ አይደለሁም"

ለውጡን ለመለካት ቀላል ፈተና መረጥን። ከወንበር መነሳት፣ 3 ሜትር መሄድ፣ ዞሮ መመለስ፣ መቀመጥ። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የታወቀ መለኪያ ነው። ሰዓቱን የሚይዘው ጓደኛው ነው። ልጁ ውጤቱን በካሬ ወረቀት ላይ በዓምድ ያሰፍራል። 31 ሴኮንድ፣ 28፣ 29፣ ከጉንፋን በኋላ 33፣ ከዚያ 27። ግራፍ ማንበብ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል ብዬ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ኩራት ይሰማዋል ብዬ ነው።

በማግስቱ ወረቀቱ ተገልብጦ ተለጥፎ አገኘሁት። ማን እንደገለበጠው መጠየቅ አላስፈለገኝም።

"የኔ ብቻ ለምን ይለጠፋል?" አለ።

መልስ አልነበረኝም። የልጁን እግር የክፍሉ ትዕይንት አድርጌው ነበር። ይቅርታ ጠየቅኩትና አነሳሁት። ከዚያ ሁሉም ልጆች አንድ አንድ ነገር መረጡ። አንዷ ገመድ ዝላይ፣ አንዱ በአንድ እግር መቆም፣ ሌላው ኳስ ማንጠር። ሁሉም ዓርብ ዓርብ ይለካሉ፣ ዓምድ ይሠራሉ። ያኔ እሱም የራሱን ይዞ መጣ። የሌሎቹም ዓምድ ሲወጣ ሲወርድ አየ። የገመድ ዘላያችን ከ40 ወደ 22 ስትወርድ "ጉንፋን ይዟት ነው" ብሎ አስረዳን።

ያም ሆኖ አንድ ገደብ ራሱ አበጀ። በንባብ ሰዓት "እስቲ ቆመህ አንብብ" ስለው ቀና ብሎ አየኝ። "አሁን ፊዚዮ አይደለሁም፣ ተማሪ ነኝ" አለ። እናቱም ቀደም ብላ ተመሳሳይ ነገር ነግራኛለች። "ቤት ሲመጣ ሁለት የቤት ሥራ አለው፤ የእናንተና የእግሩ። እባክሽ ሦስተኛ እንዳይሆን" ነበር ያለችው። ልክ ናት። ሁሉን ነገር ሕክምና ካደረግነው ልጅነቱን መቼ ሊያገኘው ነው? የንባብ ሰዓትና የእረፍት ሰዓት እንዳይነኩ ተስማማን። የቤት ሥራ ደግሞ ልምምዱን ያካተተ ከሆነ ሌላ አልሰጠውም። ሃያ አንዱን ተነስቶ ከሠራ ሰባትን በሦስት አባዝቷል፤ አበቃ።

ዓመቱ ሲያልቅ

ግቦቻችንን በዓመቱ አጋማሽ በአምስት እርከን ጽፈናቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ኪርሱክና ሸርማን ያወጡት አለካክ ነው። የነበረበት ከዜሮ ሁለት በታች ነው፣ የሚጠበቀው ዜሮ፣ ከተጠበቀው በላይ ሲሆን አንድ ወይም ሁለት። አሥርን ያለ ጣት መክፈልና መሙላት፦ አንድ ከዜሮ በላይ። ከወንበር ያለ እጅ ሰባት ጊዜ በተከታታይ መነሳት፦ ዜሮ፣ ማለትም እንደጠበቅነው። በሁለት ዱላ ኮሪደሩን ማቋረጥ፦ አልደረሰም። ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ድንገት ቁመት ጨመረ፤ የጭኑ የኋላ ጡንቻ ተወጠረ፣ ቡትሱም ጠበበው። አዲስ እስኪሠራለት ዱላው ተቀምጦ ዎከሩ ተመለሰ። ግራፉ ላይ ዓምዶቹ እንደገና ከፍ አሉ። እሱም በጎናቸው "ረዘምኩ" ብሎ ጻፈ።

የሒሳብ ደብተሩ አሁን ባዶ ገጽ የለውም ማለት አልችልም። የክሊኒክ ቀጠሮው ዓርብ ነው፤ የዓርብ ገጽ አሁንም ይጎድላል። ያንን ሰኞ ከኔ ጋር በአሥር ደቂቃ እናሟላዋለን።

በመጨረሻው ሳምንት ጓደኛው ሰሌዳ ላይ "ባርሳ" ብሎ ጻፈ። ክፍሉ ሳቀ። ጓደኛው የቱ ጋ እንደተሳሳተ አልገባውም፤ ዞሮ ወደ ልጁ አየ። ልጁ ከፊት ወንበር ተነስቶ ዎከሩን ያዘ። ግራ እግሩ ላይ ሊቆም አለና ተወው። ፊት ለፊት ቆሞ እንደሆነ፣ ለጓደኛው ግራው ቀኝ እንደሚሆን ትዝ አለው። ዎከሩን ቀስ ብሎ አዞረና ጀርባውን ሰጠው። ከዚያ ግራ እግሩን ቀጥ አደረገ፣ የቀኝ ጉልበቱን አጠፈ፣ አምስት ሴኮንድ ያህል ቆየ።

ጓደኛው ዳስተሩን አነሳ።